ፀሐይ በማየቷ የተንበረከከችው የልጅ ልጄ

የልጅ ልጄን ፀሐይ ስላየች ጠጠር ላይ አንበርክከዋታል። በዚያው ጠዋት፣ ለዚያችው ፀሐይ ሲሉ ከትምህርት ቤት የቀሩ ወንዶች ልጆች ግን አልተነኩም። በደሉ ይህ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ሰውም «አሁንማ ተይው» ይለኛል። አልተውም። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ቢሆንም ይህን ለመጻፍ ይበቃኛል።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው፤ ወሩ ጥር፣ ቀኑ አርብ። ጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚሆን ራዲዮው ሲናገር ሰንብቷል። የልጅቱ አስተማሪም ክፍል ውስጥ ተናግሯል፦ ዓይን ያጠፋል፣ ስለዚህ መስኮት ተዘግቶ ትምህርት ይቀጥላል። እሷ ይህን ስትነግረኝ የራሴ ልጅነት ታወሰኝ። ያኔ ፀሐይ ስትያዝ እናቴ እኔንና እህቶቼን ቤት ከታ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። ወንድሞቼ ግን ካባቴ ጋር መስጊድ ሄዱ። ሲመለሱ ቀኑ እንደ መሸ፣ ዶሮዎች ቆጥ እንደ ወጡ አወሩልን። እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ወሬውን ነው።

«ነገ ትቀሪያለሽ» አልኳት።

«አኮ፣ ቲቸር ይቀጣኛል።» «አኮ» አያቴ ማለቷ ነው፤ እናቷ ጅዳ ስለሆነች የማሳድጋት እኔ ነኝ።

«ለቲቸርሽ እኔ አለሁ።»

አርብ ጠዋት ከሚሴ ላይ አንድም ደመና አልነበረም። ቀና ብለን እንዳናይ ተማምለን ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆምን። ብርሃኑ ቀስ እያለ ሳሳ፤ አየሩም ቀዝቀዝ አለ። ፍየሏ ማመስኳቷን ትታ ጆሮዋን አቆመች። ድንገት ልጅቱ «አኮ፣ መሬቱን እዪ!» ብላ ጮኸች። በቅጠሉ መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሁሉ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ሮጬ የማሽላውን ወንፊት አመጣሁና ከፍ አድርጌ ያዝኩት። በየቀዳዳው አንዳንድ ማጭድ፣ መሬቱ ሞላ። ሱብሃነላህ! ልጅቱ እየሳቀች በመዳፏ ትቀበላቸው ጀመር። ከዚያ ለሶላት ታጥበን ውዱእ አድርገን፣ ምንጣፍ ዘርግተን የግርዶሹን ሶላት ሰገድን፤ በአንዱ ረከዓ ሁለት ጊዜ የሚጎነበሱበትን፣ ረጅሙን።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዳ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ጉልበቷ ላይ ጠጠር ታትሟል።

«ወንዶቹ ‹መስጊድ ነበርን› አሉና ተቀመጡ» አለችኝ። «እኔ ‹ካያቴ ጋር ፀሐይ ሳይ› አልኩ። ያለ ፈቃድ የቀረ አይፈተንም ተባልኩ።»

ፈተናው የሚጀምረው በማግሥቱ ነው። ያን ፈተና ለመፈተን ሙሉ መንፈቅ የለፋች ልጅ ናት።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፤ ነይ፣ ልጄ» ብዬ እጇን ያዝኩና ወጣን።

ዘበኛው በር ላይ አገኘን። «አኮ፣ ዛሬ ይመለሱ፤ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነው።»

«ስብሰባው ያልቃል፤ እኔ አላልቅም።»

«ፀሐዩ ይበላዎታል።»

«ለምዶብኛል፤ የመጣነውም በፀሐይ ተካሰን ነው።»

ሳቀና አስገባን። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ ወንዶቹ ለሶላት ነው የቀሩት። የሃይማኖት ነገር አንነካም።»

«እኛስ ግቢያችን ሰግደን የለ? የሴት ሶላት ጣሪያ ስለሌለው ነው የማይቆጠረው?»

ፊቱ ፈታ አለ። «እንዲያ ከሆነማ አለቀ! ‹ለሶላት ነው ያስቀረኋት› ይበሉ፣ ነገ ትፈተን።»

«አልልም።»

«ለምን?»

«ሰግደናል። ያስቀረኋት ግን እንድታይ ነው። ወላሂ አልዋሽም። ወንዶቹስ ከመስጊዱ ደጅ ሰማይ ሲያንጋጥጡ አልነበረም? እነሱን ‹ሰገዳችሁ ወይስ አያችሁ› ብሎ ማን ጠየቃቸው?»

ልጅቱ ቀሚሴን ጎተተች። «አኮ፣ እሺ በይው በቃ» አለችኝ በሹክሹክታ። ፈተናዋ ነው የታያት፤ አልፈርድባትም። ግን እሺ ብል፣ ሴት ልጅ ለማየት ብቻ ደጅ መውጣቷ ጥፋት ነው ብዬ መፈረሜ ነው።

ዳይሬክተሩ ትንሽ ተናደደ። «እንግዲያው ወንዶቹንም ጠርቼ ላንበርክካቸው፤ እኩል ይሁን?»

«የሰው ልጅ ቅጡልኝ ብዬ መጣሁ? የኔዋ ትነሳ አልኩ እንጂ እነሱ ይውደቁ አላልኩም።»

ሕግ መሆኑን ነገረኝ። ሕጉን እንደማከብር፣ ሕጉ ግን ሁለት ዓይነት ፊት እንዳለው ነገርኩት። ሥራ አለብኝ አለ። ወጥቼ ከቢሮው ደጅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጅቱም አጠገቤ ደብተሯን ዘርግታ ማጥናት ያዘች። የጠዋቱ ፈረቃ ወጣ፣ የከሰዓቱ ገባ። ዙሁር ሲደርስ ግድግዳው ሥር ነጠላዬን አንጥፌ ሰገድኩና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። መምህራን ሲያልፉ ይሰላመቱኛል፤ አንዷ ሴት መምህር «በርቺ እማማ» ብላኝ ሳትቆም ሄደች።

አመሻሹ ላይ ዳይሬክተሩ የቢሮውን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

«ነገም ሊመጡ ነው?»

«ፈተናው ነገ አይደል? ኢንሻአላህ ከልጆቹ ቀድሜ በሩ ላይ ነኝ።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ወደ ልጅቱ ዞረ። «ነገ ትፈተኛለሽ» አላት። «የቀረሽበት ቀን በፈቃድ ተብሎ ይያዛል። ምክንያቱ ሶላት አይባልም፤ ‹አያቷ ፈቅዳላት› ይባላል።»

ልጅቱ እጄን ጨበጠችኝ። እኔ ግን አልጨረስኩም። «መንበርከኳስ?»

«እማማ፣ እሱን እንኳ...»

«ለኔ አትንገረኝ። ለተንበረከከችው ንገራት።»

ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኗን እያየ ነገራት፦ «ልናንበረክክሽ አይገባም ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ልመልሰው ግን አልችልም።»