የኩባው ዛፍ በኩራት

ዛሬ ምሳ ሳዘጋጅ የድስቱን ክዳን ከፈት ባደርገው የስኳር ድንቹ እንፋሎት ፊቴ ላይ ቦግ አለ። ክዳኑ ከእጄ ወድቆ ሊሾው ላይ ተንከባለለ። «ምን ሆንሽ እማዬ?» አለችኝ ልጄ፣ ደንግጣ። ምን ልበላት? «በልጅነቴ እንዲህ የሚሸት ፍሬ ጓሯችን አፍርቶ ቤታችንን ሊያፈርሰው ነበር» ልበላት? «ምንም አልሆንኩም፣ አቃጥሎኝ ነው» አልኳት። እስኪ እናንተ ስሙኝ።

አባቴ ኩባ ነው ያደገው። በደርግ ጊዜ አባቶቻቸው ጦር ሜዳ የቀሩ ልጆች ለትምህርት ወደዚያ ሲላኩ፣ እሱም ገና ጢም ሳያበቅል አብሯቸው ሄደ። ጎልምሶ አዳማ ሲመለስ እናቱ ሞታለች። የጠበቀው ቤቷና ጓሮዋ ብቻ ነው። ሻንጣውን እንኳን ሳይፈታ ከኮቱ ኪስ አንድ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ዘር አውጥቶ እዚያው ጓሮ ቀበረው አሉ። «ማሜይ ይባላል» ቢላቸው ማን ሰምቶት! ሰፈሩ ዛፉንም እሱንም «ኩባው» ብሎ ጨረሰው። እስከ ዛሬ የአባቴን ትክክለኛ ስም የማያውቅ ጎረቤት አለ።

እኔ ነፍስ ሳውቅ ዛፉ ከቆርቆሮው ጣሪያ አልፎ ነበር። ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ግቢው በሙሉ አረንጓዴ ይመስላል። ግን አያፈራም። ያብባል፣ ነፋሱ ያራግፈዋል፤ ያብባል፣ ያራግፈዋል። የአዳማን ነፋስ መቼም ታውቁታላችሁ፤ የተሰጣ ልብስ ገፍፎ ሰው ግቢ የሚጥል ነፋስ ነው። አባቴ በማዳበሪያ ከረጢት አጥር ሠራለት። የልብስ እጣቢ ደግሞ አይነካውም፤ ንጹሕ ውሃ ነው የሚያጠጣው፤ ያውም ቧንቧ በጠፋበት ሰሞን! እናቴ ትበግናለች። «እኛ በጣሳ ፊታችንን እያበስን ያንተ ዛፍ ገላውን ይታጠባል!»

እንዲህ ትበል እንጂ ከሱ ይልቅ የምትጓጓው እሷ ነበረች። እናቴ ጴንጤ ናት፤ ያውም የምር። ጠዋት ጠዋት ግንዱ ላይ እጇን ጭና ትጸልያለች። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ዛፍ ያፍራ፤ በኩራቱም ያንተ ይሁን!» እኛ ቤት የመጀመሪያ ነገር ሁሉ የእግዚአብሔር ነው። የመጀመሪያ ደሞዝ፣ የመጀመሪያ እሸት፣ የቄቧ የመጀመሪያ እንቁላል ሳይቀር በኩራት ተብሎ ቸርች ይሄዳል። እሷ ስትጸልይ አባቴ «አሜን» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጸሎት ስለማይሆንለት ነው እንል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ፍሬ ከነፋሱ ተረፈች። አንዲት ብቻ! አባቴ በእናቴ አሮጌ ሻርፕ ከቅርንጫፉ ጋር አሰራት። ጎረቤታችን አዴ፣ ዛፉ ሲተከል ጀምሮ የሚያውቁት እናት፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው አይተዋት በሳቅ ፈረሱ። «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? ድንች ዛፍ ላይ ወጣ እንዴ?» እውነታቸውን ነው፤ ቡናማ፣ ሻካራ፣ ለዓይን የማትስብ ነገር ናት። ደግሞ አትደርስም። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ተንጠልጥላ ከረመች። አባቴ ከሥራ ሲገባ ቆዳዋን በጥፍሩ ጫር ያደርግና ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ «ገና ናት» ብሎ ወደ ቤት ይገባል።

አንድ ቀን ጫር ሲያደርጋት ቀላች። «ደረሰች!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቆርጦ አወረዳትና እንድትለሰልስ ጤፍ ውስጥ ቀበራት። እናቴ በደስታ መሬት አልበቃት አለ። ለእሑድ ብላ ነጭ ጨርቅ ተኮሰች፤ ለቸርች ሴቶች ሁሉ ተናገረች፤ ፍሬዋ ተጸልዮባት፣ ተቆራርሳ ለምእመኑ ልትታደል ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ ጤፉን እየገለጠ ያያታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ዛፉ ሥር አሸዋ እንቆፍራለን። አዴ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ መጥተው ቆመዋል። አባቴ በአንድ እጁ ፍሬዋን፣ በሌላው ቢላዋ ይዞ ከቤት ወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ለሁለት ከፈላት።

የስኳር ድንችና የማር ሽታ ግቢውን ሞላው። ውስጧ ደግሞ ቀይ! ቀይ ስላችሁ፣ አሁን የታረደ በሬ ነው የምትመስለው። አዴ ወንፊቱን ለቀቁት። «ያ ረቢ! ሥጋ ነው እኮ! ዛፉ ሥጋ አፈራ!»

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከማድ ቤት ሮጠች። ስታይ ክው አለች። «አንተ! ምን ነካህ? የነገውን? የእግዚአብሔርን?»

«የእግዚአብሔር አይደለችም» አላት።

እንዲህ ያለ ንግግር እኛ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። እኔ መብረቅ ይወርዳል ብዬ ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁ፤ እውነቴን ነው።

«የበኩር ልጄ ናት» አለ ቀጥሎ።

ይሄኔ የእናቴ ፊት ትንሽ ተፈታ። በኩሯ እኔ ነኛ! እኛ ቤት የመጀመሪያ ጉርሻ የኔ ነው፤ ወንድሜ በዚህ ስንቴ አልቅሷል። «ኧረ ስለ እግዚአብሔር፣ ለሷ ብለህ ነው?» አለችው፣ ቁጣና ሳቅ እየተናነቃት። «ነገ ከሰው ጋር ብትበላ ትሞታለች?» አባቴ አንዲት ቁራሽ ቆረጠ። እኔ እንደለመድኩት ዓይኔን ጨፍኜ አፌን ከፈትኩ።

ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም። ዓይኔን ስገልጥ ቁራሿን ሳህን ላይ አኑሯታል።

«አንቺ አይደለሽም የኔ ልጅ» አለኝ። «በኩሬ እዚህ የለችም።»

ወይ ጉድ! አፌን መዝጋት አቃተኝ። ነገሩ ቀድሞ የገባቸው አዴ ናቸው። የወንድሜን እጅ ያዝ አድርገው «ና የኔ ጌታ፣ ጥጃችንን ላሳይህ» ብለው ይዘውት ወጡ። እኔን ግን ማንም አላስታወሰኝም፤ እዚያው ተገትሬ ሁሉንም ሰማሁ።

እዚያ ኩባ ሴት ነበረችው። ሴት ልጅ ወለደችለት። ተመለሱ ሲባል የተሳፈረው ብቻውን ነው። ሲሰነባበቱ ማሜይ ቆርሰው በሉና ልጅቱ፣ ገና በወጉ መሄድ ያልቻለች ሕፃን፣ ዘሩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «መጀመሪያ የምታፈራውን ለሷ ብዬ ነው የተከልኩት» አለ። «እበላላት ይሁን፣ እልክላት ይሁን፣ እኔም አላውቅም። ነገ ለሰው ሁሉ ስትታደል ግን ቆሜ ማየት አልችልም።»

እናቴ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለች። ስትቆጣ ሰፈር የምታስደነግጥ ሴት ናት፤ ጆሮዬን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ደብቀኸኝ?» አለችው በቀስታ።

«ፈርቼ ነው።»

«ስሟ ማነው?»

እሷን ማየት ትቶ እኔን አየ። «የእናቴን ስም ነው ያወጣሁላት።»

የእናቱ ስም እኮ የኔ ስም ነው! ባየኝ ሰው ሁሉ ፊት «የአያቴን ስም ነው የያዝኩት» እያልኩ የምኩራራበት ስሜ! እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ አስተያየቷ የማታውቀውን ሰው እንደማየት ነበር። እኔ መሬቱ ከሥሬ የተናደ መሰለኝ። «ታዲያ እኔ ማን ነኝ?» ብዬ ጮኽኩ።

«አንቺ ስትወለጂ ሌላ ስም ከአፌ አልወጣ አለኝ» አለኝ። እንባው ጉንጩ ላይ ወርዶ ነበር፤ አልጠረገውም።

እናቴ ተነስታ ፍሬዋን ከነቁራሿ በሳህን ከደነችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻት። «ማንም እንዳይነካት» አለች። እሑድ ቸርች ባዶ እጇን ሄደች። ክረምት እስኪገባ እኔ አልጋ ላይ ነው የተኛችው። ፍሬዋ ጠቁራ ስትደርቅ ራሷ ወስዳ ዛፉ ሥር ቀበረቻት። በዓመቱ ዛፉ ያለ ልክ አፈራ፤ ሰፈሩ በሙሉ በላ። እናቴ አልቀመሰችም፣ አባቴም አልቀመሰም።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እህቴን ፌስቡክ ላይ ስንት ጊዜ ፈለግኳት! የምጽፈው የራሴን ስም ከነአባቴ ነው፤ መልሶ የሚያወጣልኝም እኔኑ ነው፣ ከነፎቶዬ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ሌላ ነው። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አባቴ ሲጠራኝ አልመልስም ነበር። «ማንን ነው የምትጠራው?» ይላል ሆዴ። እናቴም አትቆጣኝም። አንድ ቀን ማድ ቤት ሽንኩርት ስንልጥ ከጓሮ ጠራ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠራ፤ ድምፁ ከፊተኛው ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃ አምጪ የሚል ሰው ድምፅ አይደለም። እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ።

ሦስተኛውን ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ።

«አቤት አባዬ!» አልኩ፣ እስከ ጓሮ በሚሰማ ድምፅ። እኔ ዝም ካልኩማ ማን አቤት ይለዋል?