ከፊደሉ ጋር የገባ ቫይረስ

መጀመሪያ የመጣው በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነጭ ሳጥን ሆኖ ነው። ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው ይላል በእንግሊዝኛ። ኤክሷን ስጫን ይጠፋል፤ እጄን ከማውሱ ላይ ሳላነሳ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። በሳምንቱ ድምፅ አወጣ። አንዲት ሴት ከውስጥ ሆና "ዋርኒንግ! ዋርኒንግ!" እያለች ትጮኽ ጀመር። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። እኔን መቆጣቷ ነው። እኔስ ያቺን ሴትዮ በምን ልደብድባት?

ሶኬቱን ነቅዬ ሁለት ቀን አሳረፍኩት። ስመልሰው ሴትዮዋም አርፋ፣ ጉልበት አግኝታ ጠበቀችኝ። ቫይረስ ያጠፋል የተባለ ፕሮግራም ጫንኩ፤ እሱም የራሱን ሳጥን ይዞ መጣና አሁን ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ይጋፉ ጀመር። ሌላ ስቴት ለምትኖረው ልጄ ደወልኩ።

"ማም፣ ምንድነው ዳውንሎድ ያደረግሽው?"

"ምንም።"

"ማም።"

"ምንም አልኩሽ እኮ።"

"ኦኬ፣ ሪላክስ። አዲስ እልክልሻለሁ፣ ያንን ጣይው።"

"አዲስ ማን ጠየቀሽ? ውስጡ ያለውን ነው የምፈልገው።"

"ውስጡ ምን አለ?"

ወሬ ቀየርኩባት። እሷም ስለምታውቀኝ አልገፋችበትም። "ዴን ኮል አጎቴ" አለችኝ። "ሂስ ጆብ ነበር እኮ ማም። ፕሊስ።"

አጎቷ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። እንግልውድ የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው የሚኖረው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ኮምፒውተር ሲጠግን ኖሯል። ከእሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ልጄ ይህን ታውቃለች። እያወቀች ነው እሱን ጥሪ የምትለኝ።

ውስጡ ያለውን ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልናገር። ውስጡ ያለው የሕይወት ታሪኬ ነው። ስሞት የሚነበበው። ሰው የሬሳ ሣጥኑ ፊት ቆሞ "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት" እያለ የሚያነበውን ዘጠኝ ገጽ አድርጌ፣ ራሴን በአንቱታ እየጠራሁ፣ ራሴ ጽፌዋለሁ። የቀረው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው፤ እሱን መሙላት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ይህን ያደረግኩት ቀብሬ ላይ ምን እንደሚደርስብኝ ስለማውቅ ነው። በባለቤቴ ቀብር አይቼዋለሁ።

በባለቤቴ ቀብር ዋዜማ ዓይኔ አብጦ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ የሕይወት ታሪኩን አራት ገጽ ጻፍኩ። አንባቢው ወንድሙ ነው ተብሎ ስለነበር በኢሜይል ላክሁለት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያነበበው ግማሽ ገጽ የማትሞላ ነገር ነበረች። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ሠሩ፣ ተሰደዱ። የእህት ወንድሞቻቸው መከታ ነበሩ። ከዚያ "ባለትዳርም ነበሩ" አለ። ይኸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በረዶም ቢሆን ኩላሊቱን ወደሚያጥቡለት ቦታ ያመላለስኩት እኔ፣ በአንዲት "ም" ውስጥ ተጠቅልዬ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እንዳይረፍድበት ብዬ ስንት ጊዜ የፓርኪንጉን በረዶ በአካፋ እንደጠረግሁ የሚያውቅ እሱ ነበር፤ እሱም ሣጥን ውስጥ ነው። አንዲት ሴትዮ ስንወጣ እጄን ይዛ "አንቺ ደግሞ እህቱ ነሽ?" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሙን አንቱ አልኩት። ሰላሳ ዓመት አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው። ሰው ፊት ጨዋ ያስመስላል፣ ማንም ምንም አይልም፤ የተባለው ሰው ግን በሩ እንደተዘጋበት ይገባዋል።

ደወልኩለት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

"እንደምን ነሽ እትዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ደህና ነዎት?"

"ኧረ በናትሽ፣ ዛሬ እንኳን አንቱውን ተይልኝ።"

"ምነው? ታላቅ ይከበራል።"

"ሦስት ዓመት የምትበልጪኝ አንቺ ነሽ!"

ዕድሜዬን ሊያስታውሰኝ ነው ከእንግልውድ ድረስ የመጣው። ወንበሩን አሳየሁት።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ "እህ" ይላል። "እህ" የሚል ሰው አልወድም፤ ሐኪሞችም እንዲህ ናቸው። የአየር ሁኔታ የሚናገር ፕሮግራም አገኘ፣ ኩፖን የሚሰበስብ ሌላ አገኘ፣ ስሙን እንኳን ማንበብ ያልቻለው ሦስተኛ አገኘ። "ይሄን ማን ጫነው?" ይለኛል። "እኔ እንጃ" እላለሁ። "ይሄንንስ?" "እኔ እንጃ።" ሁሉንም አጠፋቸውና ሪስታርት አደረገው። ሁለታችንም ስክሪኑን እናያለን። ሳጥኗ ከጥግ ብቅ አለች። ሴትዮዋ ጮኸች። ከታች መጥረጊያው ተመታ።

"ሙጃ ነው" አለ። "ላዩን እናጭደዋለን፣ ሥሩ አለ። የሆነ ነገር ተደብቆ እየመለሰው ነው። በምን እንደገባ ካልነገርሽኝ እስከ ሰኞ እዚህ ነኝ።"

እስከ ሰኞ የሚለው አስፈራኝና ተናገርኩ። ድሮ የምጽፍበትን የአማርኛ ፊደል፣ ፎንት የሚሉትን፣ ባለቤቴ ነበር ከአዲስ አበባ በሲዲ ያመጣልኝ። ልጄ የላከችልኝ ይህ ኮምፒውተር ደግሞ ሲዲ የሚገባበት ቦታ እንኳን የለውም። እኔ ደግሞ የለመድኩትን ፊደል አልቀይርም። ስለዚህ የፊደሉን ስም ጽፌ ፈለግሁ፤ "በነጻ" የሚል ተገኘ፤ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያልኩ ተጫንኩት። ፊደሉ መጣልኝ። ሴትዮዋም አብራው መጣች።

"እሺ ያልሽውን አንብበሽዋል?"

"እርስዎ ያነባሉ?"

ሳቅ አለ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና ወደ ስክሪኑ ዞረ። "አገኘሁት። ፊደሉን የጫነው ነው በየሰዓቱ እየተነሣ የሚመልሰው። ከነፊደሉ መንቀል አለብን።"

"አይነካም!"

"እትዬ፣ ፊደሉ ካልወጣ እሷም አትወጣም።"

"የጻፍኩት አለ። በዚያ ፊደል የጻፍኩት።"

"ጽሑፍሽ የትም አይሄድም። ምንድነው እሱ?"

"የግል ነው።"

ሌላ አልጠየቀም። ለዚህ እንኳን አመሰገንኩት፤ በሆዴ። ነቀለው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተከተለ፣ የተደበቀችበትን ሁሉ እየከፈተ፣ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሻይ አቀረብኩለት፤ ቀዘቀዘ። ሪስታርት አደረገ። ጠበቅን። ሳጥን የለም። ድምፅ የለም። እንደገና አደረገው፣ አሁንም የለም። ሲጮኽ የከረመ ቤት ዝም ሲል ጆሮ ያፍናል።

"ይኸው። በይ ጽሑፍሽ መኖሩን እዪ" አለና እኔ እጁን ሳልይዘው ዶክመንቱን ከፈተው።

አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረበትም። ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል ከዶላር ምልክት ጋር፣ ጥያቄ ምልክት፣ ባርኔጣ የደፋ ኤ፣ ሰረዝ፣ ቅንፍ። ዘጠኙም ገጽ እንደዚያ ነው። እናቴ፣ አባቴ፣ የተማርኩበት፣ ያገባሁበት፣ ልጄን የወለድኩበት፣ ሁሉም ጭቅቅት ሆኗል።

"አጠፋኸው!" አልኩ። "ገደልከው! አንተ ሰው፣ አሁንም አጠፋኸኝ!"

አንቱው እንዴት ከአፌ እንደወደቀ አላውቅም። እሱ ግን መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"እንዲህ ነበር የመጣልኝ። ያን ጊዜ። የላክሽው።" ጣቱን ዶላሯ ላይ አደረገ። "ጠዋት በሥራ ቦታዬ አልፌ ፕሪንት አደረግሁት። አራት ገጽ እንደዚህ። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ያንቺ ፊደል የት አለው? ፊደሉ ከሌለ እንዲህ ነው የሚያሳየው። እኔም ቶሎ አልገባኝም፤ ለቅሶ ላይ ስለሆነች ሲላክ ተበላሽቶባት ነው አልኩ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ያችን ጻፍኳት። አስከሬኑ ገብቶ ነበር።"

ተቀመጥኩ። ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሰው ከእንዲህ ዓይነት ነገር በኋላ ልቡ ይቀልለዋል ይባላል። እኔ ተናደድኩ። ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ቂም ቢያንስ ሰው የሠራው ነበር። አሁን ፊደል የሠራው ነው ሲለኝ ምን ላድርገው?

"ለምን አልደወልክልኝም?"

"ባልሽን በምትቀብሪበት ጠዋት ደውዬ 'የላክሽው አይነበብም' ልበልሽ?"

"አዎ! እሱን ነበር ማለት! በቃሌ እነግርህ ነበር!"

"አልታየኝም እትዬ። ወንድሜ ነበር የሞተው።"

"እሺ፣ 'ም'ን ምን አመጣው? ባለትዳር'ም'?"

"ምኑ ም?"

አላስታወሰውም። የተኛሁበትን የተነሣሁበትን አንድ ፊደል እሱ እንደጻፈው እንኳን አያውቅም።

"በኋላስ? በአርባው፣ በሙት ዓመቱ፣ አፍ አልነበረህም?"

"ስመጣ 'እርስዎ' አልሽኛ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "አንቱ ከሚል ሰው ጋር ምን ተብሎ ይጀመራል? ደስ አላላትም፣ ጊዜ ልስጣት አልኩ። ጊዜው ሄደ።"

የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥቶ ጠጣው። ከዚያ ከቦርሳው የራሱን ላፕቶፕ አወጣ። አሮጌውን ፊደል ወደ አሁኑ የሚለውጥ ፕሮግራም አለ፤ ከእሱ በኋላ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ ስልክም ላይ ሳይቀር ይነበባል አለኝ። አንድ ችግር ግን አለው፤ አንዳንዱን ፊደል ይስታል፤ 'ጨ'ን 'ጠ'፣ 'ኘ'ን 'ነ' ያደርገዋል። ሰው ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች ማንበብ አለበት።

"እኔ ላንብብልሽ? ዓይንሽ እንዳይደክም።"

"ዘወር በል።"

"እሺ።"

"እውነቴን ነው። በረንዳ ውጣና በሩን ዝጋው።"

በካልሲው ወጣ። ብርድ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ፓርኪንጉን ያያል። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ፤ ዶላሩና ባርኔጣው ሁሉ ተነሥቶ ፊደሎቼ በቦታቸው ቆመዋል፤ እዚህም እዚያም የተሳተ አለ። "ባለቤታቸውን ጠርሰው አስታመሙ" ይላል፤ ጨርሰው አደረግኩት። እያረምኩ ሰባተኛው ገጽ ደረስኩ።

ሰባተኛው ገጽ ላይ እሱ አለ። ስሙን አልጻፍኩም፤ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። "የባለቤታቸው ወንድም በቀብሩ ዕለት፣ ወይዘሮዋ የጻፉትን የሕይወት ታሪክ ሆን ብለው ወደ ጎን በመተው፣ የስድስት ዓመት ድካማቸውን ከለቀስተኛው ሰወሩ።" ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩትና እንዳሳመርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሲነበብ አንገቱን ሲደፋ ይታየኝ ነበር፤ እኔ ሣጥን ውስጥ ሆኜም ቢሆን። ከእሱ ቀድሜ እሞታለሁ ብዬ ያሰብኩት ለዚህ ነው፤ ሦስት ዓመቱ እዚህ ላይ ይጠቅመኝ ነበር።

በመስታወቱ አየሁት። አንዱን እግሩን በሌላው ላይ እያሻሸ ነው።

"ሆን ብለው" የሚለውን አጠፋሁት። ሌላውን አልነካሁም። ሰውሯል፤ ሳያውቅ ይሰውር እንጂ ሰውሯል፤ ያቺ ሴትዮም እህቱ ነሽ ወይ ብላኛለች። ከዚያ ጥቂት አሰብኩና እዚያው ሥር አንድ አጭር መስመር ጨመርኩ፤ "ስልክ ግን ነበራቸው" የሚል።

በሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "በረደኝ እኮ እትዬ! ብዙ ስህተት አለው?"

"ሁለት ቃል ነው" አልኩት። "ጠብቅ፣ ሴቭ ላድርገው።"