ጨረሩ እንዳይቋረጥ

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አንኮበር ላይ ያረፈ ዕለት እሷ አዲስ አበባ ለማሕፀን ካንሰሯ የጨረር ሕክምና ከጀመረች አራተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። ሦስት ሳምንት ይቀራታል። መርዶውን ማን ይንገራት የሚለው ጥያቄ እኔ ላይ ወደቀ፤ ያላት አንድ ልጅ እኔ ነኝ።

ደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነኝ። መመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት፣ የዕድል ነገር ሆኖ፣ ሳይቋረጥ የሚሰጥ ጨረር የዕጢ ሴሎችን እንዴት እንደሚገድል በሚያሰላ ቀመር ላይ ነው። ያኔ ሴል ለእኔ የቀመር ፊደል ብቻ ነበር። የተመታው ይሞታል፤ ያልሞተው ራሱን ይጠግንና ይባዛል። ጨረሩ እስካለ ድረስ ሞቱ ስለሚበልጥ የሴሎቹን ብዛት የሚያሳየው መስመር ቁልቁል ይወርዳል።

ሞቱን በሰማሁ ማለዳ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የእናቴ ሕክምና ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሆነ ቀመሩን ጥቂት አስተካከልኩት። ከዚያ ጨረሩን ለአሥር ቀን ዜሮ አደረግኩት። እናቴን አውቃታለሁ፤ ወንድሟን ቀብራ በሣልስቱ ወደ ሕክምናዋ መኪና የምትሳፈር ሴት አይደለችም። መስመሩ ትንሽ አመነታና ወደ ላይ ታጠፈ። ቁጥሮቹን ቀያይሬ ደጋገምኩት፤ ሁልጊዜም ይነሣል። የእሷን ሴሎች የለካ ማንም የለም፣ ይህን አላጣሁትም። ግን ፈራሁ። ሐኪሟ ጋ ስደውል እሱም “እንዳታቋርጥ” አለኝ በአጭሩ።

ለቅሶ ቤት ደርሼ ለሽማግሌዎቹ ሕክምናዋን እስክትጨርስ አይነገራት አልኩ። የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን ሰብስበው አዩኝ።

“እህት ሳትቀብረው? ኧረ ነውር ነው ልጄ! ነገ ምን ትለናለች?”

“ነገን እንድታየው ብዬ ነው፣ አባቴ።”

ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው። በስንት ልመና እሺ አሉኝ።

ሦስቱን ሳምንት በየቀኑ ደወለች። ስለ ወንድሟ ትጠይቃለች፣ እኔ እዋሻለሁ። አጨዳ ላይ ነው አልኳት፤ ስልኩ ተበላሽቷል አልኳት። አንድ ቀን፣ “በሕልሜ መጥቶ ምንም ሳይናገር ሄደ” አለችኝ። ኔትወርክ እምቢ ያለ አስመስዬ ዘጋሁባት።

ጨርሳ በተመለሰች ማግስት ሽማግሌዎቹ በጠዋት ገብተው አረዷት። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። እኔን ብቻ አየችኝ።

“ሲቀበር ነበርክ?”

“ነበርኩ።”



ከወራት በኋላ የምርመራ ውጤቷን ይዤ ገባሁ። ዕጢው አይታይም፤ ግን ተመልሶ እንዳይመጣ በየሦስት ወሩ መታየት አለባት። እናቴ ቀሚሶቿን ከሣጥን አውጥታ ለጎረቤት ሴቶች ልትሰጥ እየለየች ነበር። ወረቀቱን አነበብኩላት።

“ድነሻል እማዬ! ለክትትሉ አብረን እንሄዳለን።”

እጇን አላቆመችም።

“የትም አልሄድም” አለች። “ወንድሜንም አለ ብለኸኝ ነበር።”