አዲስ ሦስት ብር፣ አሮጌ አንድ ብር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለሱቁ ጋሽ ሽፋ ጥጥና አልኮል ሰጡኝና የዴኩን፣ የቪዲዮ ማጫወቻውን፣ ሄድ መጥረግ አስተማሩኝ። ሄድ ፊልሙን የሚያነበው ክፍል ነው፤ ከቆሸሸ ምስሉ ይበላሻል። «ጠንከር አድርገሽ ካሸሽው ሱቄን ዘጋሽው ማለት ነው» አሉኝ። ቀስ አድርጌ ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ሰፈር፣ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የቪዲዮ ካሴት ሳከራይ ኖርኩ።

አዲስ ፊልም ለአንድ አዳር ሦስት ብር፣ አሮጌ አንድ ብር ነበር፤ መታወቂያም ይያዛል። ጋሽ ሽፋ «አዲስ» የሚሉት ታዲያ ሱቃቸው ገና የገባውን ነው እንጂ ፊልሙ ከተሠራ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ማን ያውቃል! አንዳንዱ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር።

ደንበኛው «አንቺ ምረጪልኝ» ይላል። ቤቱን ሳያውቁ መምረጥ አይቻልም። አማት ያለችበት ቤት የሚሳሳሙበት ፊልም አይላክም፤ ይህን ስቼ የወረደብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ሳያጠነጥን የመለሰ ሰው ይቀጣ ነበር። እኔ ግን ያልተጠነጠነውን እወደው ነበር። ዴክ ውስጥ ስከተው ቤተሰቡ የት ጋ አይቶ እንደተወው ይታየኛል። ገና ጅምሩ ላይ ከቆመ ሰልችቷቸዋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሌላ ዓይነት እሰጣቸዋለሁ። መምረጥ የተማርኩት እንዲህ ነው።

እትዬ ፋጡማ የወሎ ሰው ናቸው፤ መርካቶ በርበሬ ይነግዱ ነበር። ዴኩን የላከችላቸው ጅዳ ያለች ልጃቸው ናት። ትንሹ ልጃቸው ሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤም አልመጣም። በየሐሙሱ አንድ አሮጌ የህንድ ፊልም ይወስዳሉ፣ ሁልጊዜ ያንኑ። ካሴቱ ሲመለስም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነው፤ ጠፍቶ የኖረው ልጅ አድጎ መጥቶ እናቱን በር ላይ ሲያቅፍ። ከዚያ በኋላ ግድያ አለ፣ ሠርግ አለ፤ እሳቸው አያዩትም። ቅጣት አስከፍያቸው አላውቅም።

አንድ ቀን ጋሽ ሽፋ ያቺን ካሴት ከመደርደሪያው አወረዷት። ባዶ ካሴት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። አንድ አዲስ ፊልም ከወዳጃቸው ተውሰው አምጥተዋል።

«ይሄ ይቀዳባት። ከእትዬ ፋጡማ በቀር የሚከራያት የለም።»

«እሳቸውስ ምን ሊያዩ ነው?»

«አዲሱን ነዋ! በአንድ ብር ስጪያቸው፣ ኪሳራው በኔ። ምን ጎደለባቸው?»

ደሜ ፈላ። ግን የሰው ደሞዝተኛ ነኝ።

ሐሙስ እትዬ ፋጡማ ሲመጡ ጋሽ ሽፋ ራሳቸው ተነሥተው አዲሱን አቀበሏቸው። «እዚህም እናት አለች፣ ልጅ አለ። እንዲያውም ይሄኛው ይበልጣል» አሏቸው። «አላህ ይስጥህ» ብለው ወሰዱ። እሳቸው አዲሱን ሲመልሱት ያቺ አሮጌዋ ልትጠፋ ነው፤ እኔ ነኝ የምቀዳባት።

በማግሥቱ ገና ሱቁን ስንከፍት መጡ።

«ወደዱት?» አሉ ጋሽ ሽፋ።

«ደግ ነው። ግን ልጁ አይመጣም። ሞተ የሚል ወረቀት ያመጡላታል።» ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ወንድሜ፣ ለኔ ምንም ወረቀት አልመጣልኝም። ያንን የመጣውን ስጠኝ።»

አንጀቴን በሉት።

ከካሴት ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ አለች፤ እሷ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ ሌላ ፊልም አልቀዳም ይላል። ጋሽ ሽፋ ካቻቢቴ አነሡና የአሮጌዋን ካሴት ፕላስቲክ ቀጭ አደረጓት። ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው «በይ ስጪያቸው» አሉኝ።

እኔ ሱቁን ስለቅ ሰይድ አልመጣም ነበር። እናቱ ግን ሐሙስ ሐሙስ ይመጡ ነበር።

ለሰው ፊልም የምትመርጡ ልጆች፣ ከዚያ ሥራ የቀረኝ ይኸው ነው። ዋጋውን አከራዩ ያወጣል፤ የሚበጀውን የሚያውቀው ግን ቤቱ ወስዶ የሚያየው ሰው ነው። ያንኑ ደግሞ ሲጠይቃችሁ፣ ስጡት።