ከጫት በፊት የምትዋጥ ኪኒን

ይህ የሆነው በጦርነቱ ወቅት፣ ከተማችን መርሳ በተያዘችባቸው ወራት ነው። የተኩሱን ድምፅ እንኳ እየረሳሁት ነው፤ ጎረቤታችንን ሰይድን ግን አልረሳሁትም። ፊት ለፊት «ጋሽ ሰይድ፣ አንቱ» እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንበትም።

እናቴ ዘሃራ የደም ግፊት አለባት። መንገድ ሳይዘጋ ወንድሜ ከወልድያ ገዝቶ ያመጣላት ኪኒን ነበራት። መድኃኒት ቤቶች ስለተዘጉ ሌላ የሚገኝበት አልነበረም። ጫት ግን ከአቅራቢያችን ከግራና ከተማ መምጣቱን አላቋረጠም።

ሰይድም ግፊት አለበት። ሐኪም «ጫት ተው» ቢለው፣ የተወው ሐኪሙን ነው። ቀትር ሲደርስ ግንባሩን ይዞ እያቃሰተ ይመጣል፤ እናቴም ከኪኒኗ አንዷን ትሰጠዋለች። እኛ ሰፈር ጨው የጠየቀ አይመለስም፤ ኪኒን የጠየቀም እንደዚያው። በማግስቱም ይመጣል።

አንድ ቀን ያዋስነውን ጀሪካን ልቀበል ቤቱ ሄድኩ። ጉንጩን ወጥሮ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። በሩ ላይ መቆሜን ሳያይ ብልሃቱን ያስተምራቸዋል፤ አንዷን ኪኒን አስቀድሞ ከዋጠ ጫቱ ግፊቱን አያነሳበትም ይላል። ለካ የእናቴን መድኃኒት የሚወስደው ሊቅምበት ነው። ጀሪካኑንም ሳልቀበል ተመለስኩ።

ለእናቴ ነገርኳት።

«ቢቅምስ፣ ሕመምተኛ አይደለም እንዴ? ደጄ የቆመን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው?» አለችኝ።

መስጠቷን ቀጠለች። ኪኒኑም አለቀ።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ጠዋት ለሶላት ልትነሳ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ አፏም ተጣመመ። የምወስድበት ሐኪም ቤት አልነበረም። እጇን እያሸሁ ከማልቀስ በቀር ምን አደርጋለሁ? መንገድ ሲከፈት ያያት ሐኪም፣ መድኃኒቷን ማቋረጧ ለዚህ እንደዳረጋት ነገረን።

ያን ሰሞን ሰይድ ሊጠይቃት መጣ። ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፈር ብሏል። አልጋዋ አጠገብ ተደላድሎ ተቀመጠና ያጽናናኝ ጀመር።

«አይዞሽ ልጄ፤ ሁሉም በአጀሉ ነው። የሰውን ዕድሜ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።»

«አጀሏንስ አላህ ያውቀዋል፣ ጋሽ ሰይድ። ኪኒኗን የዋጧት ግን እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ጫማውን አጥልቆ ወጣ። እናቴ በዚያ በተያዘ አንደበቷ ተቆጣችኝ፤ ጎረቤት እንዲህ አይባልም አለች። እሷ ትቆጣ እንጂ እኔ አልጸጸትም።

አሁን መድኃኒት ይገኛል። ሰይድ የራሱን ይገዛል፣ ጫቱንም ይቅማል። እናቴን የማጎርሳት እኔ ነኝ። እሱ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያንን ክፉ ጊዜ እንዴት በጤና እንዳለፈ ያወራል። «ዕድሜ ለዘሃራ» ሲል ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም።