ጋሽ ንቀለው ዝም ያሰኛት መኪና

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሰው፣ ከርዕሰ መምህርቷ ጀምሮ ፊደል ገና እስከሚቆጥረው ልጅ ድረስ፣ የትምህርት ቤቱን የጥገና ሠራተኛ ጋሽ ንቀለው ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው በላቡ ነው። የተበላሸ ነገር ሲነግሩት ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «የሚጮኸው የቱ ነው?» ይላል። የሚጮኸው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው መንቀል ብቻ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ በር ሲጢጥ እያለ አንባቢ ቢረብሽ በሩን ነቀለው። ቤተ መጻሕፍቱ ይኸው እስከ ዛሬ በር የለውም፤ ሲጢጥ የሚል ነገርም የለውም። ደወሉ አንዴ ጀምሮ አላቆም ሲል ሽቦውን ነቀለው፤ ለአንድ ሰሞን መምህራኑ ክፍለ ጊዜው ማለቁን የሚያውቁት በሆዳቸው ነበር። ሰነፍ ነው የሚለው ሰው ካለ ግን አያውቀውም። የነቀለውን ሁሉ አቧራውን ጠርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣል። የሚጥለው ነገር የለም።

መኪና አይነዳም። በወጣትነቱ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ተፈትኖ ነበር። ፈታኙ ወደ ቀኝ ታጠፍ ሲለው በደንቡ መሠረት ፍሬቻ አበራ። ፍሬቻው ቷ ቷ ሲልበት ጊዜ ግን አላስችል አለውና ከመሪው ሥር እጁን ልኮ አንድ ነገር ነቀለ። ፈታኙ መኪናውን አስቁሞ ወረደና የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነጂዋ ባለቤቱ ናት፣ እሱ ተሳፋሪ።

ባለቤቱ ከከተማው ማዶ ባለ የሙያ ማሠልጠኛ ልብስ ስፌት ታስተምራለች። ጠዋት በዚያች አሮጌ መኪናቸው እሱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ታወርደውና መንገዷን ትቀጥላለች፤ ከሥራ በኋላ መጥታ ትወስደዋለች። ይህች ሴት ቤት ውስጥ አታወራም። ቀኑን ሙሉ ስትናገር ውላ ስትገባ አፏ ይደክመዋል፣ «እህ» እና «እንጃ» እያለች ታመሻለች። መኪና ውስጥ ግን ሌላ ሰው ናት። ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ያለ የሌለውን ታወራዋለች፤ ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ እህቷ ግትርነት፣ በሞት ስለተለየቻት እናቷ፣ አንዳንዴም እሱ እዚያ የሌለ ይመስል ስለ ራሱ ስለ ጋሽ ንቀለው። እሱ ጣልቃ አይገባም፣ ያዳምጣል። በዚህ ዓለም ላይ ካሉ ድምፆች ሁሉ እንዲቆም የማይፈልገው ያንን አንዱን ነው። ይህን ግን ነግሯት አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ምላሱ ይተሳሰራል።

ጣጣው የመጣው በአውራ ጣቷ በኩል ነው። ዕድሜ ልኳን ትልቁን የጨርቅ መቀስ ስትጨብጥበት የኖረችው ጣት አብጦ አልታዘዝ አላት። ሞተር ለማስነሳት አይቸግራትም፤ ማስነሻው ከአገልግሎት ብዛት ላልቶ በሁለት ጣት ይዞራል። የበሩ ቁልፍ ግን ድንጋይ ነው። ጋሽ ንቀለው ዘይት ቢያጠጣው ቁልፉ እንደነበረ ሆኖ የእሷ እጅጌ ብቻ ዘይት በዘይት ሆነ። እሱ አብሯት ሲሆን ይከፍትላታል። ማሠልጠኛው ጋ ግን ዘበኛውን መለመን ግድ ሆነባት። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በከፈተላት ቁጥር «አሁን መኪናዋ የማን ሆነች እትዬ?» ብሎ ይስቃል። ያንኑ ቀልድ፣ በየቀኑ። አንድ ቀን ሳትቆልፍ ትታት ብትገባ ደግሞ የጎረቤት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ኋላ ወንበር ላይ ተዘርሮ ተኝቶ አገኘችው። ስትቀሰቅሰው ዓይኑን ሳይገልጥ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አላት።

በማግስቱ መንገድ ላይ ውሳኔዋን ነገረችው። በቅቷታል፣ መኪናዋን ትሸጣለች። ቅዳሜ አንድ ብርድ ልብስ ነጋዴ መጥቶ ያያታል፤ ከዚያ በኋላ እሷም እሱም በየፊናቸው አውቶቡስ ይይዛሉ። የእሷ አውቶቡስ ወደ ላይ፣ የእሱ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ጋሽ ንቀለው ሆዱ ባባ። አፉ ግን «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ።

ሪሞቱ ትዝ ያለው ከመኪናዋ ሲወርድ ነው። ያኔ ሲገዟት በሪሞት የምትከፈት የምትቆለፍ ነበረች፤ ኋላ ሪሞቱ አልሠራ አለና መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። እሱን ማስነሳት ከቻለ ባለቤቱ የበር ቁልፍ አታዞርም፣ ዘበኛ አትለምንም፣ መኪናም አትሸጥም። ቤት እንደገባ ከመሳቢያው አውጥቶ ከፈተው። አዲስ ባትሪ አገባበት፤ ባትሪው የሚያርፍበትን ዝገት በልጆች ላጲስ ፈትጎ አጸዳው። ተጫነው። ምንም የለም። የትምህርት ቤቱ ሾፌር አንድ ጊዜ፣ ሪሞት ሲደክም አገጭ ሥር ይዘው ቢጫኑት ጉልበቱ ይጨምራል ብሎት ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ፊት ለፊት ቆመና አገጩ ሥር ያዘው። አፉን ዘግቶ ሞከረ፣ ከፍቶ ሞከረ፣ በጣም ከፍቶም ሞከረ። ጎረቤታቸው በአጥር አሻግራ አየችውና ለባለቤቱ ባሏን ጥርሱን ሳያመው እንዳልቀረ፣ ግን ለሐኪም በማሳየት ፋንታ ለመኪናዋ እያሳየ መሆኑን ነገረቻት።

ይህም ሲያቅተው ወደ ቁልፍ ቀራጭዋ ሄደ። ቀራጭዋ ገበያው መግቢያ ላይ ባለች ጠባብ ኪዮስክ የምትሠራ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ የምትውል ሴት ናት። ሪሞቱን ከመሞከሪያዋ ጋ አስጠግታ ስትጫነው የመሞከሪያው መብራት ብልጭ አለ። ሪሞቱ ጤነኛ ነው አለችው፤ ብቻ ባትሪ አልባ ሆኖ ብዙ ስለቆየ መኪናዋ ረስታዋለች፣ እንደገና ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። አሠራሩንም ነገረችው። በሮቹን ሁሉ ዘግቶ፣ ቁልፉን ማስነሻው ላይ ሰካ ነቀል፣ ሰካ ነቀል አድርጎ መጠበቅ ነው። ከዚያ መኪናዋ ራሷ ትመልስለታለች፤ ወይ በመቆለፊያዋ፣ ወይ በመብራቷ፣ ወይ በድምፅ። መልሷን ሲሰማ ሪሞቱን ይጫናል።

ጋሽ ንቀለው ነቀል ነቀል የሚል ሥራ ስለሆነ ደስ አለው። ቤት ተመልሶ ደጃፍ የቆመችውን መኪና በሮች ዘጋ፣ ሰካ ነቀለ፣ ጆሮውን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፎ ጠበቀ። መኪናዋ ጭጭ አለች። ደገመ፣ ሠለሰ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ጀመር፤ አንዱማ መኪና መስረቅ ያቃተው ሌባ መስሎት ሊመክረው ቀረበ። ተስፋ ሲቆርጥ ተመልሶ ቀራጭዋን ለመናት፤ እሷም እያጉረመረመች ኪዮስኳን ዘግታ ተከተለችው።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አምፖሉ የታለ ብላ ጠየቀች። በሩ ተዘግቶም መብራቱ አልጠፋ እያለ ባትሪ ሲጨርስ ጊዜ ነቅሎታል። የማስጠንቀቂያው ድምፅስ? ቀበቶ እሰሩ እያለ ሲነዘንዛቸው ጊዜ ነቅሎታል። ክላክሱስ? ወደ ግራ በታጠፉ ቁጥር ራሱ እየጮኸ ያሳፍራቸው ስለነበር ፊውዙን ነቅሎታል። የመቆለፊያው ፊውዝስ?

«የኋላው በር መቆለፊያ መንገድ ላይ ተንቀጫቀጨና…»

«ነቀሉት» አለች ቀራጭዋ።

«ነቀልኩት።»

ሴትየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አገኘችውና አውርዳ ፊቱን አየችው። «ጋሼ፣ ታዲያ በምኗ ትመልስልዎት? አፏንም ዓይኗንም ነቅለው ጨርሰዋታል እኮ። ሪሞቱም ሥራ ያቆመው የመቆለፊያውን ፊውዝ የነቀሉ ቀን ነው።»

ፊቱ ፍም መሰለ። ቤት ገብቶ የብስኩቱን ቆርቆሮ ይዞ መጣ። በዕድሜው ስንት ነገር ነቅሏል፣ መልሶ የሰካው ግን አንድም የለም፤ እጁ ራሱ አልለመደውም። የመቆለፊያውን ፊውዝ መለሰ። የክላክሱን ሲመልስ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነበርና መኪናዋ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ጩኸት በአንዴ ለቀቀችው፤ ጎረቤታቸው አጥሩ ላይ ዳግም ብቅ አለች። የማስጠንቀቂያውን ሽቦ ሲቀጥለው ንዝነዛው ካቆመበት ቀጠለ። በመጨረሻ አምፖሉን አገባ፤ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ሳሉ መብራቱ ቦግ አለ።

ቀራጭዋ ጣቷን ወደ አምፖሉ ቀሰረች። መኪናዋ አንዱ በር ክፍት ይመስላታል፣ በር ክፍት እየመሰላት ደግሞ ሪሞት አትቀበልም አለች። አንድ በአንድ ሲፈትሹ ጥፋቱ የኋላው ቀኝ በር ሆኖ ተገኘ። በሩ ሲዘጋ ትንሿን ማብሪያ የሚጫናት የላስቲክ ቁራጭ ወድቋል። ጋሽ ንቀለው ቆርቆሮውን በረበረ፤ እዚያ የለም። «ይቺን እንኳ እኔ አልነቀልኳትም» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ከዚያም ከባለቤቱ የስፌት ሣጥን ወፍራም የካፖርት ቁልፍ አምጥቶ ላስቲኩ በነበረበት ቦታ በማስቲሽ ለጠፈው። በሩን ሲዘጋው ቁልፉ ማብሪያዋን ተጫናት፣ መብራቱም ጠፋ። ማንም ሳይነቅለው፣ በገዛ ራሱ ጠፋ። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ፤ ቀራጭዋ እጁን ባትይዘው ማታም እዚያው በሆነ።

እንደገና ሰካ ነቀለ። ጠበቁ። የአራቱ በሮች መቆለፊያ አንድ ላይ ወደ ታች፣ አንድ ላይ ወደ ላይ ዘለለ፤ ቿ፣ ቿ።

«አቤት!» አለ ጋሽ ንቀለው ሳያስበው።

ቅዳሜ ጠዋት ሪሞቱን ለባለቤቱ ሰጣት። በጤነኛው ጣቷ ተጫነችው፣ መኪናዋ ተከፈተች። ደገመችው፣ ተቆለፈች። እንደ ልጅ ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል። «አንተ ነህ የሠራኸው? አንተ?» አለችው። ቀጥሎ ግን ሳቋን ሰብሰብ አደረገች። ለሰውየው ቃል ሰጥታዋለች፣ እሱም መንገድ ጀምሯል፤ ቃሏን ማጠፍ አትወድም። ደግሞም ባሏ ራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው ብሏት የለ።

ብርድ ልብስ ነጋዴው መጣ። ግዙፍ፣ ድምፁ ግን ቀጭን የሆነ ሰው ነው። እሷ ከእውነት የማትወጣ ሴት ናትና የመኪናዋን አመል አንድም ሳትደብቅ ነገረችው፤ ክላክሱን፣ ንዝነዛውን፣ የሚንቀጫቀጨውን በር። ነጋዴው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሪሞቱን አይቶ ልቡ ጥፍት ብሏል። ይከፍታል፣ ይቆልፋል፣ እሩቅ ሄዶ ይከፍታል፣ ከዛፍ ጀርባ ተደብቆ ይቆልፋል። እንዲያውም ወደ ግራ ሲታጠፉ መጮኋ ለገበያ መንገድ ይጠቅመኛል አለ።

ጋሽ ንቀለው ከፊት ወንበር ቁጭ ብሎ አየው። መኪናዋ እንዳትሸጥ ብሎ የለፋበት ሪሞት፣ ይኸው የምትሸጥበት ምክንያት ሆነ። የፊውዞቹ ሣጥን ከጉልበቱ አጠገብ ነው። አንዲት ፊውዝ ብትወጣ ሪሞቱ ይሞታል፣ ነጋዴውም ቅር ብሎት ይሄዳል። ጣቶቹ ክዳኑን ከፍተው ፊውዟን ይዘዋታል። ነቅሎስ? የዛሬው ቢሄድ የነገው ይመጣል፤ ባለቤቱም ተመልሳ ከዘበኛው እጅ ትወድቃለች። እጁን ሰበሰበና ከመኪናዋ ወረደ። አሁን የቀረው አፉ ብቻ ነው።

«አትሽጫት» አለ።

ባለቤቱ ዞረች። «አንተ እኮ ነህ ጥሩ ሐሳብ ነው ያልከው።»

«ዋሽቼ ነው። ቤት ውስጥ አታናግሪኝም። እኔን የምታናግሪኝ እዚህ ውስጥ ነው። እሷ ከሄደች ድምፅሽን የት ነው የምሰማው?»

ነጋዴው በሰው ቤት ጉዳይ መሀል መግባቱ ገብቶት ጫማውን ማየት ጀመረ። ባለቤቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማልቀስ ስለማትወድ ተቆጣች፤ ይህን ለመናገር ይህን ሁሉ ዓመት ምን ይዞት እንደኖረ፣ አንደበት እንደሌለው ሰው መቀመጥ ምን የሚሉት አመል እንደሆነ ጠየቀችው። መልሱን አልጠበቀችም። መዳፏን ወደ ነጋዴው ዘረጋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሸጣትም። እንዳደከምኩዎት እስከ ዋናው መንገድ ላድርስዎት።»

ነጋዴው ሪሞቱን እያዘነ መልሶላት ኋላ ገባ። መኪናዋ ተነሳች። እንግዳ ሰው መኪና ውስጥ ሲኖር ባለቤቱ ትንፍሽ አትልም፤ ዛሬም አላለችም። መንገዱን ሙሉ ያወራው ነጋዴው ነው፣ ስለ ብርድ ልብስ፣ የሱፍ የሆነውና ያልሆነው እንዴት እንደሚለይ። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክላክሱ ጮኸ፤ ነጋዴው ለዚያም ሳቀ። ጋሽ ንቀለው ስለ ሰው ክፉ የማያስብ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ያ ሰው በአየር ላይ ቢተን ደስታው ነበር። ሰረቅ አድርጎ ባለቤቱን አያት። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ግን ዝግጁ ነው።

ዋናው መንገድ ደረሱ። ነጋዴው አመሰገነ፣ ወረደ፣ በሩን ዘጋ። እሷም ጀመረች።