አያቴን ያቃጠላቸው ዝናብ

አያቴ ስለ እግራቸው ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ዝናብ አቃጠለኝ።» ሌላ አይጨምሩም። ሁለት ጣቶቻቸው የሉም፤ ከቁርጭምጭሚታቸው እስከ ባታቸው ቆዳው ተጨማዶ ነጣ ነጣ ብሏል። ክረምት ከበጋ ወፍራም ካልሲ ያደርጋሉ። ደባርቅ ብርዳም ስለሆነች ካልሲው ባልከፋ፤ የሰው አፍ ግን አይዘጋም። ዝናብ ያረጥባል እንጂ ያቃጥላል እንዴ? «የሥጋ ደዌ ነው፣ ሊሸፍኑት ነው» ይባል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እንደዚያው አስብ ነበር።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ መሆኔ ነው። ጣሊያን ተከዜ ላይ በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ እንደረጨ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ በፈተናም እጠይቃለሁ፤ ያልመለሰውን ተማሪ እቆጣለሁ። ቤት ገብቼ ከአያቴ ጋር ራት ስበላ ግን ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አላውቅም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው «ተይኝ ልጄ» ይሉኛል። እኔም ደስ እያለኝ እተዋለሁ፤ የምርመራውን ውጤት ፈርቼው ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በሦስት ዓመቱ ታጨሁ። እጮኛዬ ደባርቅ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የመካነ ብርሃን ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቤ እሺ ብሎ፣ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል የአያቴ እግር ወሬ እነሱ አገር ደረሰ። በእኛ ዘንድ አጥንት ሳይጣራ ልጅ አይዳርም፤ የሥጋ ደዌ አለበት ከተባለ ዘር ጋር ደግሞ ማንም አይጋባም። እጮኛዬ መጥቶ ሹክ አለኝ፦ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው እየመጡ ነው፤ የሚመጡት ነገሩን ሊያፈርሱ ነው።

በቡይት ራስ ተራራማ መንገድ ቀናት በእግራቸው ተጉዘው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። አያቴ መደቡ ጥግ ተቀምጠዋል። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ወግ አይጀመርም። የታጨች ልጅ ግን ጓዳ ትደበቃለች እንጂ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። እኔን እልህ ያዘኝ። የፈሩት እጅ እግራቸውን ይንካው ብዬ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዤ ወጣሁ። የአያቴ ልጅ የሆነችው እናቴ ከጓዳ በር ላይ በዓይኗ ልትውጠኝ ደረሰች።

ሁለቱን አጠብኩ። ሦስተኛው የእጮኛዬ አያት ወንድም ናቸው። «ይቅር ልጄ፣ አንቺ አታጥቢኝም» አሉ በሐፍረት። አልሰማኋቸውም። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ ሳደርገው ክው አልኩ። ባታቸው ላይ ያው የተጨማደደ፣ ያው የነጣ ቆዳ ነበር።

«ይሄስ ምንድን ነው፣ አባቴ?» አልኩ። ቁጣዬ ከድምፄ ይሰማ ነበር።

«የጣሊያን መርዝ ነው እንጂ! ተከዜን ስንሻገር ከላይ እንደ ካፊያ አርከፈከፈብን። ገላችን ውኃ ቋጥሮ ተላጠ። ሰዉም ከብቱም አለቀ።»

አያቴ ከመደቡ ሳይነሱ «ሽታውስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ነጭ ሽንኩርት ነዋ! እርስዎም ነበሩ እንዴ?»

«ነበርሁ። አብረውኝ ከሄዱት እኔ ብቻ ተመለስሁ።»

የሽማግሌው አገር ሰዎች ብዙ ሆነው ስለተመለሱ እሳቸውን ማንም አልተጠራጠራቸውም። የአያቴ ምስክሮች ግን ሁሉም ተከዜ ቀርተዋል። አያቴ ካልሲያቸውን አወለቁ። ሁለቱ አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዳቸው የሌላቸውን እግር ዳሰሱ። ሊያፈርሱ ከመጡት አንዱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ታዲያ ቀኑን መቼ እናድርገው?» ሲሉ እፎይ ብዬ እዚያው ተንበርክኬ ሳቅሁ፤ ሳቁ አልቆም አለኝ።

አያቴ ግን አልሳቁም። «እኔኮ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲለው ሲለው፣ እውነትም ደዌ ይሆን ብዬ…» አሉና አልጨረሱትም። ልጅ አቅፈው ስመው አያውቁም ነበር። ኩሩ ናቸው እያልን እናማቸው ነበር፤ ምክንያቱ ያን ጊዜ ገባኝ። እርጥብ እጄን ጎትተው አስጠጉኝና ሁለቱንም ጉንጮቼን ሳሙኝ። ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ ጓዳው እያዩ «እናትሽን ጥሪልኝ» አሉኝ።